ሀምዳ የሌለችበት ስምምነት

ጥቅምት 3
ሰመራ ዛሬም በሙቀት ትነድዳለች። ባጃጅ አጥቼ ቢሮ በእግሬ ገባሁ፣ ሸሚዜ ውሃ ሆኖ። ኮምፒውተርን ከሥር የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ የከርነሉ ኃላፊ ጽፏል። እኔና የቢሮ ባልደረባዬ ሀምዳ በየግላችን የላክነው የኮድ ማስተካከያ ተጋጭቷል። ሁለታችንም የማሽኑን ሙቀት የሚለካውን ክፍል፣ ያንኑ መስመር ነክተናል። "ተነጋግራችሁ አንድ አድርጉት" ይላል። ሀምዳ አሳይታ ከተማ ለቅሶ ሄዳለች። ስልኳ አይሠራም። ልጠብቃት?... ለዚች ለዚች ምን አስጠበቀኝ።

ጥቅምት 4
የራሴን እንዳለ ትቼ የሷን አጠፋሁ። ለምን እንደጻፈችው እንኳ በቅጡ አላየሁም። ሞከርኩት፣ ሠራ። ከሥር "ከሀምዳ ጋር ተስማምተናል" ብዬ ስሟን ከስሜ ጎን ጻፍኩ። ብትኖር ትስማማ ነበር እኮ... አይደል?

ጥቅምት 9
ተቀበሉት። ጉራዬን ስቸረችር ዋልኩ።

ጥቅምት 14
ጉድ ሆንኩ። አንድ የፖርት ሱዳን ሰው ማሽኑ ግሎ ግሎ ሳይጠፋ እንደተቃጠለ ጽፏል። ያጠፋሁት የሀምዳ ኮድ መለኪያው ሲሳሳት ማሽኑን እንዳይቃጠል የሚያጠፋው ነበር። ይባስ ብሎ ሀምዳ ቀድማኝ መልሳለች፣ በሁሉም ፊት። "ስሜ አለበት። ይቅርታ።" አላጋለጠችኝም። ምነው ባጋለጠችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስልኳ ዛሬ ሠራ። ደወልኩላት።
"አማን፣ መቼ ነው የተስማማነው?"
ያጠፋሁትን ኮዷን ከፈትኩት። እሷ ቀጠለች።
"እኛ አፋሮች መንገድ ላይ እንኳ ስንገናኝ ቁጭ ብለን ዳጉ ሳንለዋወጥ፣ ያንዳችንን ወሬ ሌላችን ሰምተን ሳንጨርስ አንለያይም። ይሄን ያህል ዘመን እዚህ ኖረህ እኔን መስማት አቃተህ?"


ጥቅምት 15
ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሞ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ለሁሉም ላክሁት። "ሀምዳ አልተስማማችም። ሳልጠይቃት ስሟን የጻፍኩት፣ ኮዷን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የኔን አውጡና የሷን አስገቡ።" ይቀለኛል ብዬ ነበር... አልቀለለኝም። አፈርኩ፣ በቃ።

ኅዳር 2
የሀምዳ ማስተካከያ ገባ፣ በስሟ ብቻ። እኔ የሰው ስም ከጨመርኩ ባለስሙ ራሱ ያረጋግጥ ተብሏል። ሲያንሰኝ ነው።

ከሀምዳ ጋር አልተኳረፍንም። ጠዋት ሰላም አለችኝ፣ ስለ ሰመራ ሙቀትም አወራን። ከሰዓት አዲስ ኮድ ላከች። ድሮ ከመላኳ በፊት "እስቲ እየው" ብላ ለኔ ነበር የምታሳየው። ያንን የተጋጨውንም አሳይታኝ ነበር። ሳላየው "ጥሩ ነው" ብያታለሁ።

የዛሬው ከሰው ሁሉ እኩል ደረሰኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ሁለቴ። እውነትም ጥሩ ነው። የጠየቀኝ ግን የለም።