ለቫል ዶ ኮርቮ የስልክ ማማ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የስልክ አውታር ዋና ዳይሬክተር
ሊዝበን

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን ከነመላ ቤተሰብዎ በደህና፣ የእጅ ስልክዎንም ኔትወርኩ ሳይቆራረጥበት እንድታገኝልኝ እመኛለሁ። እኔ ቤላርሚኖ ታቫሬስ እባላለሁ፤ በስፔን ድንበር ላይ ባለችው በቫል ዶ ኮርቮ መንደር የምኖር፣ ሚስቴ የሞተችብኝ የወይራ ገበሬ ነኝ። ጽሕፈቴ የሦስተኛ ክፍል ነውና ቢንጋደድ ይታገሱኝ። ደብዳቤዋን በአደባባይ ያወጣኋትና በቡና ቤቱ በር ላይ የለጠፍኳት በእርስዎ ላይ ክፉ አስቤ አይደለም። ከዚህ በፊት የላክኋቸው ሁሉ ከእርስዎ ጠረጴዛ ሳይደርሱ መንገድ ስለሚስቱ፣ ይቺኛዋን የሚያያት ሰው ይብዛላት ብዬ ነው።

የመጣሁት ለምስጋና ነው። በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ረጅም የስልክ ማማ አቁመውልናል። ሪባኑን የቆረጡት ምክትልዎ «ከዛሬ ጀምሮ ቫል ዶ ኮርቮ ከፖርቱጋል ጋር ተገናኘች!» ብለው ሲናገሩ እኛም አጨብጭበናል። የማማው ኔትወርክ ግን ወንዝ ዳር ያለውን የታችኛውን ሰፈር ዘሎታል፤ እዚያ ደግሞ የሚስቴ ታናሽ እህት ዙልሚራ ብቻዋን ትኖራለች። ጥያቄዬ እሷን ይመለከታል፤ ነገር ግን ሳያመሰግኑ መለመን ነውር ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላስቀድም።

አንደኛ። እርስዎ ከፖርቱጋል ጋር እስኪያገናኙን ድረስ ስፔናዊ ሆነን መኖራችንን ሳያውቁ አይቀሩም። ኔትወርክ የሚባል ነገር የሚደርሰን ከወንዙ ማዶ፣ ከስፔን ኮረብታ ላይ ብቻ ስለነበር፣ መንደሩ በሙሉ ድልድዩን ተሻግሮ የስፔን ሲም ካርድ ገዛ። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማልና ስልካችን ሁልጊዜ ይቸኩላል። በመላው ፖርቱጋል ለቅዳሴ ቀድሞ የሚደርስ ምእመን እኛ ብቻ ነበርን፤ ለዚህ ጽድቅ ምክንያት የሆነው መሥሪያ ቤትዎ ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ። ዩሮቪዥን የሚሉትን፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሀገሮች በቴሌቪዥን በዘፈን የሚወዳደሩበትን ድግስ እርስዎም እንደሚያዩ አልጠራጠርም። ሕጉን ያውቁታል፤ ሰው በስልኩ ለወደደው ዘፈን ድምፅ ይሰጣል፣ ለገዛ ሀገሩ ግን መስጠት አይችልም። እኛ በስልክ ስፔናዊ፣ በሆድ ፖርቱጋላዊ ነን። ነገሩን መጀመሪያ የደረሰችበት ሚስቴ ዴኦሊንዳ ናት። በአንዱ ግንቦት በቡና ቤቱ ተሰብስበን ሳለ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ «አባቶቻችን በዚህ ወንዝ ቡና ደብቀው አሻግረዋል፤ እኛ ድምፅ ብናሻግር ምናለበት?» አለች። ባለ ቡና ቤቱ ኖርቤርቶ፣ «ኮንትሮባንድ እኮ ነው፣ እትዬ ዴኦሊንዳ!» ቢላት፣ «ጉምሩክ ከመጣ ጡቴ ሥር እከተዋለሁ፤ ወንድ ከሆኑ ይፈትሹኛ!» ብላ መንደሩን በሳቅ ገደለችው።

ከዚያ ወዲህ ይህ የመንደሩ በዓል ሆነ። ፖርቱጋል ዘፍና ስትጨርስ ቀድማ የምትደውለው ዴኦሊንዳ ነበረች፤ ከእሷ በፊት ስልኩን የነካ የነካውን ያገኛል። ነጥብ ሲነበብ ስፔን ለፖርቱጋል የሰጠችው ከፍ ያለ እንደሆነ፣ የሊዝበኑ አስተላላፊ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆኖ «ጎረቤቶቻችን ስፔናውያንን ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። ያን ጊዜ ዴኦሊንዳ ከወንበሯ ተነስታ፣ መጎናጸፊያዋን አስተካክላ፣ ለቴሌቪዥኑ እጅ ትነሳና «ምንም አይደል!» ትለዋለች። ሀገራችን ብዙ ጊዜ ከጭራ ነበረች፤ እኛ ግን ተሸንፈን ወደ ቤት የገባንበት ግንቦት ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛውን ትንሽ ላቆየው።

አራተኛ። የዘንድሮው ውድድር ማማው በተመረቀ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ቡና ቤት የተገኘነው ኖርቤርቶ፣ ዙልሚራና እኔ ነን፤ የቀሩት አንድም ሊዝበን ከልጆቻቸው ዘንድ፣ አንድም መቃብር ናቸው። የፖርቱጋሏ ዘፋኝ በደንብ ዘፈነች። እኔ የዴኦሊንዳን ስልክ አውጥቼ በእሷ ተራ ደወልኩ። ስልክ ጉልበተኛውን ማማ ይከተላል መሰል፣ የያዘው የእርስዎን ነው። አንዲት የተቀረጸች ሴት፣ «ለገዛ ሀገርዎ ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ እናመሰግናለን» አለችኝ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ፖርቱጋላዊ መሆኔን በስልክ ነግራችሁኛልና እኔም አመሰግናለሁ።

አሁን ሦስተኛው።

ካቻምና ወይራ በምንለቅምበት ወራት ዴኦሊንዳ ምድጃው አጠገብ ወደቀች። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ እጄን ይዛለች፣ መናገር ግን አልቻለችም። የድንገተኛውን ቁጥር ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በስፔንኛ አናገረችኝ።

«የት ነዎት አባቴ?»

«ቫል ዶ ኮርቮ! ሚስቴ ወድቃለች!»

«የትኛው አውራጃ ነው?»

«ፖርቱጋል ነዋ!»

«ውይ አባቴ... የደረሱት ስፔን ነው። አይዝጉት፣ አይዞዎት፣ አሁኑኑ አገናኝዎታለሁ።»

ልጅቱን አልወቅሳትም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አሳለፈችኝ፤ ሁለተኛው ዘንድ ጠብቅ ተባልኩ። ሰው እስኪያነሳልኝ ዘፈን ይዘፈንልኝ ነበር። ለዚያ ዘፈን ከማንም ሀገር ነጥብ አልተሰጠውም፤ እኔ ግን እስከዛሬ ከራሴ አልወጣልኝም። አምቡላንሱ ሲመጣ ዙልሚራ የእህቷን ዓይን ከድናለች። ሐኪሙን፣ «ፈጥነው ቢደርሱላት ትተርፍ ነበር?» አልኩት። ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ዴኦሊንዳ በሕይወት ሳለች ማማ ይተከልልን ብዬ በተደጋጋሚ ስጽፍ የመጣልኝ አንድ መልስ «የመንደሩ ነዋሪ ቁጥር ለማማ አይበቃም» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ጎድለናል፤ በቃን የተባልነውም ጎድለን ነው። ይህን ሂሳብ ለተማረ ሰው ትቼዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ የእርስዎ ማማ ግን ውሻ አይደለም፤ ውሻስ ዘግይቶም ቢሆን ለሁሉም ቤት ይጮኻል።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ ምቹ፣ ዕድሜዎ ረጅም፣ በድንገት የሚደውሉበት ቀን ደግሞ የሚያነሳልዎ ሰው ቅርብ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ማማዎ ጠዋት ጠዋት ጥላውን በባዶ ቤቴ ጣሪያ ላይ የሚያሳርፍብኝ፣ ቀድሞ ስፔናዊ፣ አሁን በእርስዎ ቸርነት ፖርቱጋላዊ የሆንኩት፣

ቤላርሚኖ ታቫሬስ
ቫል ዶ ኮርቮ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያን ቅዳሜ የተቀረጸችዋ ሴት ስትመልሰኝ ስልኩን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ዙልሚራ ከወንበሯ ተነሳችና፣ «ምን አፍህን ከፍተህ ትቀመጣለህ? ተነስ! የእኔ ቤት አሁንም ስፔን ነው!» አለችኝ። ድጋፍ እየሆንኳት ቁልቁለቱን ወረድን፤ ልቧ ደካማ ስለሆነ በየመታጠፊያው ታርፋለች። ከደጃፏ ስንደርስ የስልኩ ሰዓት አንድ ሰዓት ዘለለ። ደወልኩ። «ድምፅዎ ተቆጥሯል፤ እናመሰግናለን» አለኝ። ዙልሚራ መጎናጸፊያዋን አስተካክላ ለስልኩ እጅ ነሳችና፣ «ምንም አይደል!» አለችው።

ስለዚህ ለዘፈን የምትሆን አንዲት ደጃፍ ስለተዉልን አመሰግናለሁ። ዙልሚራ የወደቀች ቀን ግን ለየትኛው ሀገር እንደምደውል እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። መልሱ ቢዘገይም እጠብቃለሁ፤ ዘፈኑን ብቻ ያጥፉልኝ።