ፎቶግራፎቹን ናፍቆት ላሏቸው የፖሊስ አዛዥ

ልጄ ኮሌት ዶክተር ሆነች። ማክሰኞ ዕለት ፕሮፌሰሮቹ ፊት ቆማ ጥናቷን አቀረበች፤ ስትጨርስ ሁሉም ተነሥተው ጨበጧት። ሰላምታዬ ቢዘገይ ደስታዬን ይውቀሱት።

ክቡር የሃርትሊ ኮቭ ከተማ ፖሊስ አዛዥ አቶ በርተን ዊልሞት ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ፣ ማለትም አብረን ያለነው፣ ደህና ነን።

ይህን በከተማችን ጋዜጣ የምጽፈው ውለታዎን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ጥናቱ በስልክና በኢንተርኔት ሚስቶቻቸውን ስለሚያሰቃዩ ወንዶች ሥነ ልቦና ሲሆን፣ ያለ እርስዎ ባልተጀመረም ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ታናሿ ልጄ ዣኒን ቢሮዎ ስትመጣ በስልኳ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አይተውላታል። ዓሣ አጥማጁ ባሏ ጀልባው ላይ ሆኖ፣ ቤት መሆኗን እንድታሳየው የእራት ሳህኗን ይዛ፣ ከኋላዋ በመስኮቱ ወደቡ እየታየ ፎቶ እንድትልክ ያዛታል። የእኛ ባሕር ሲሞላና ሲጎድል የሁለት ፎቅ ያህል ስለሚለያይ፣ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሰው ውኃው የወደቡ ምሰሶ ላይ የት እንደደረሰ አይቶ ፎቶው የአሁን ይሁን የጠዋት ለይቶ ያውቃል። እርስዎ ግን "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ናፍቆት ነው። የእኔዋ ሚስት እንዲህ የሚናፍቃት ብታገኝ ስለት ታስገባ ነበር" ብለው ሳቁ። ዣኒንም አብራዎት ሳቀች። እንዲህ ጨዋ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። "ታዲያ ስልኩን ዝጊያ" አሏት፤ ዘጋችው። ባሏ ከባሕር ሲመለስ ክንዷን ሰበረው። ከዚያ ወዲያ ያ ስልክ ተዘግቶ አያውቅም።

ሦስተኛውን ኮሌት ናት ያስተማረችኝ። እንዲህ ያደረጉትን ወንዶች ራሳቸውን ቁጭ ብላ ጠየቀቻቸው፤ አብዛኞቹ ልክ እንደ እርስዎ "ናፍቃኝ ነው፣ አስቤላት ነው" አሏት። ሴቶቹ ደግሞ ውለው አድረው ሳይጠየቁ ፎቶውን መላክ ይጀምራሉ አለችኝ። እኔስ አይቼው የለ? ዣኒን እኔ ቤት ሾርባ እየበላን ማንኪያዋን ጥላ ወደ መስኮቱ ትሮጥ ነበር። "ምነው ልጄ?" ስላት፣ "እማ፣ ውኃው ሳይጎድል" ትለኛለች።

ዛሬ ዣኒን ከባሏ ሸሽታ ያለችበትን አላውቅም። እናቷም ባታውቅ ይሻላል ተብዬ፣ ይሻላል ብያለሁ። ባሏ ያለበትን ግን ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ ከእርስዎ ጋር ሲሳሳቅ እናየዋለን። ስለ ጨዋታ አዋቂነትዎ አራተኛ ምስጋና ይድረስዎ።

ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣ ሁለት ልጆች ወልዳ አንዷን ብቻ የምታቅፍ፣

ቬርና ኮሞ

ማሳሰቢያ፦ የኮሌትን ደስታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እናከብራለን፤ የዓሣ ሾርባ አለ፣ ቫዮሊን የሚመታም አለ። ለእርስዎ የፊት ወንበር ይዘናል። ኮሌት ከጥናቷ ጥቂት ታነባለች፣ የማንንም ስም አትጠራም፤ የሙያዋ ደንብ ነው። እኔ ግን ያለ ደንብ የምኖር ሴት ነኝ። ኮሌት "እማ፣ ቀኑን ጋዜጣ ላይ ከጻፍሽው የዣኒን ባልም ያነበዋል፤ እሷ መምጣት አትችልም" ብላ ለምናኝ ነበር። ካልጻፍኩትስ ዣኒን እህቷ ዶክተር መሆኗን ከማን ትሰማለች? የምጽፍበት አድራሻ የለኝም። ዣኒን፣ ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ ደስ ይበልሽ፣ እንዳትመጪ። ሌሎቻችሁ ግን፣ አዛዡም ጭምር፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 18 ከቀትር በኋላ አንድም ሰው ሳይቀር ኑ።