ድንጋዩን ዋና ያስተማርኩ ሰሞን

ጥቅምት 4
ዛሬም ያው ነው። ጠዋት ሕፃናት፣ ከሰዓት ባዶ ገንዳ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ዋና ልማር የሚል ትልቅ ሰው ጠፋ። ወለሉን ፈትጌ፣ ክሎሪን ጨምሬ ወጣሁ። እናቴ እጄን አየችና "ይሄ የአሰልጣኝ እጅ ነው?" አለች። ቅባት ቀባችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ዝም ብዬ ተቀባሁ።

ጥቅምት 7
አንድ ሻምበል መጣ። ገንዳው ለሠራዊቱ ይፈለጋል አለ። የሚማሩት ጦር ፍርድ ቤት የፈረደባቸው ወታደሮች ናቸው፣ ዘጠኝ። ባሕር ላይ ግዳጅ አለባቸው… የት? እህቴ፣ አይጠይቁኝ አለ። ወደው ነው የገቡበት፤ የተመለሰ ምሕረት ያገኛል።
"ያልተመለሰስ?"
ኮፍያውን አስተካከለ።

ጥቅምት 10
በካቴና መጡ። ገንዳው ዳር ተፈቱ። ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ የሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ! እኔ አውሬ ስጠብቅ… በብርድ ራሳቸውን ያቀፉ ከሲታ ሰዎች።
ስምንቱ እንደ ነገሩ ይንሳፈፋሉ። ዘጠነኛው፣ ትልቁ ሰውዬ፣ መሰላሉን አለቅም አለ።
"አሰልጣኝ፣ እኔ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው።"
ሲለቅ በቀጥታ ታች። ለሁለት ጎትተው አወጡት። አንዱ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ፣ "ድንጋይ እንኳ ሲሰምጥ ያመነታል!" አለ። በቃ፣ ድንጋዩ ሆኖ ቀረ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ድንጋዩ ነው።

ጥቅምት 15
ቀልደኛውን ጠየቅኩት። ድንጋዩ ምን አጥፍቶ ነው?
"የአለቃውን መኪና ይዞ ጠፋ።"
"ወዴት?"
"ሆስፒታል። አለቃው ዕቃ ጫን ሲለው ቁስለኛ ጫነ። ስምንት ዓመት ፈረዱበት።"
"ቁስለኞቹስ?"
"አንዱ እኔ ነኝ" አለ። ቀልድ አልጨመረበትም።

ጥቅምት 22
ጀርባውን በእጄ ደግፌ ማንሳፈፍ። "እጅዎን እንዳያነሱ" ይለኛል። "አላነሳም" እላለሁ። አነሳሁ… አላወቀም። ሰማዩን እያየ ተኛ፣ ፊቱ ተፈታ። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ሲያየኝ፦
"ዋሹኝ!"
"አዎ።"
"ይልመድብዎት" አለ።
ማታ እራት ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። እናቴ አየችኝ። ምን አየች?

ኅዳር 3
አሁን አሸዋ የሞላ ቦርሳ አዝለው ነው የሚዋኙት፣ ውሃ ሳያንቦጫርቁ። ድንጋዩ መጨረሻ ይደርሳል፤ ግን ድምፅ የለውም። ጎበዝ ሆኗል።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔን እያሳሳቀ የወሰደኝ ውሃው አይደለም… አርፌ ልተኛ።

ኅዳር 9
ሻምበሉ "ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር?" አለኝ። ለስምንቱ ይችላሉ አልኩ። ስለ ድንጋዩ ግን ላስብበት አልኩ። አይችልም ካልኩ ወደ እስር ቤት ይመለሳል። በሕይወት ግን ይኖራል። ይችላል ካልኩስ? እስከ ነገ ጊዜ ሰጠኝ።
እንዴት እንደሰማ እንጃ፣ ድንጋዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።
"እውነቱን ይንገሩኝ። እችላለሁ ወይስ አልችልም?"
"ትችላለህ።"
"ታዲያ?"
"ታዲያማ እፈራለሁ።"
ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ "እኔም እፈራለሁ" አለ። "ግን እነሱ ሄደው እኔ ግድግዳ ሳይ ልኑር? እባክዎ፣ አዝነውልኝ አያሳስሩኝ።"

ኅዳር 10
"ይችላል" አልኩ። ቤት ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ጀርባዬን አሻሸችኝ።

ኅዳር 14
ሄዱ። ያለ ካቴና። ቀልደኛው ከመኪናው ላይ "አሰልጣኝ፣ ስንመለስ ገንዳውን ሞቅ አድርገው ይጠብቁን!" ብሎ ጮኸ። ድንጋዩ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። 

ኅዳር 21
ምንም የለም።

ኅዳር 27
ሬዲዮው የጠላት ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደብ ላይ ተቃጠለ አለ። ማን እንዳቃጠለው ትንፍሽ አላለም። ሰፈሩ አጨበጨበ። እኔ ቁጭ አልኩ።

ታኅሣሥ 2
ሻምበሉ ራሱ መጣ። ከዘጠኙ ስድስቱ ተመልሰዋል። ቀልደኛው የለም… ድንጋዩ አንዴ ካመለጠ በኋላ ቀልደኛውን ሊያወጣ ወደ ኋላ ዋኘ። ፍንዳታው ውሃው ውስጥ አገኘው። ጓደኛውን አዝሎ ዳር አወጣው፤ ቀልደኛው ግን አልፎ ነበር። የድንጋዩ ጆሮ ደንቁሯል፣ ነፍሱ ተርፋለች።
ለአንዱ ደስ ብሎኝ ለሌላው አለቀስኩ። ሁለቱ በአንድ ዓይን እንዴት ይወጣሉ?

ታኅሣሥ 6
ሆስፒታል ሄድኩ። ምሕረቱ ወጥቶለታል። የራሱ ድምፅ ስለማይሰማው ይጮኻል። "ይዤው ወጣሁ፣ አሰልጣኝ! አልተውኩትም!" ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየን። ብናገርስ መች ይሰማል? አጠገቡ እስኪያባርሩኝ ተቀመጥኩ።

የካቲት 18
ልጆቹ ወደ ገንዳው ተመልሰዋል። ጫጫታቸው ሌላ ነው።
እሱ በግራ ጆሮው ትንሽ ትንሽ መስማት ጀምሯል። ጠዋት የቀልደኛውን እናት ጣሪያ ሲጠግን ቆይቶ ለምሳ እኛ ቤት መጣ። እናቴ ካላንባረቀች የሚሰማት አይመስላትም፤ ጎረቤት ጠብ ነው ብሎ በመስኮት አየን።
እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ በማይሰማው ጆሮው በኩል ሆኜ በቀስታ "ዛሬ አትሂድ" አልኩት። ለራሴ ነበር። ትንፋሼ ነክቶት ይሆን? ዞረ።
"ምን አልሽ?"
አልሽ! እስከ ዛሬ "አሉ" ነበር።
"ሾርባው ቀዘቀዘ ነው ያልኩት።"
"አይደለም" አለ። ወንበሩን አንስቶ በሌላው ጎኔ አስቀመጠ፤ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አድርጎ ጠበቀ።
እንደገና ነገርኩት።