ሁለታችንም ያረምነው አድራሻ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዝናብ። ጃንጥላዬን ቤት ረስቼ፣ ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ ቢሮ ገባሁ። ጋሼ ቀስ-በል ቀድመውኝ ገብተዋል። ካልሲዬን ሳወልቅ አይተው ሹራባቸውን እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "ቀስ በይ ልጄ፣ ዝናቡ የትም አይሄድም።" ለሁሉም ነገር መልሳቸው ይኸው ነው... ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ለዚሁ ነው።

አለቃችን ቁርጡን ነገረችን። የሆስፒታላችን የደም ባንክ አዲስ ድረ ገጽ ዓርብ ለኃላፊዎች ይታያል። ጋሼ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የጻፉት የጥሪ ፕሮግራም፣ ደም ሲያልቅ ለጋሾችን በስልክ መልእክት የሚጠራው፣ ከአዲሱ ጋር ተዋህዶ ከሠራ ይቀጥላል። ካልሠራ ተጥሎ ሌላ ይገዛል። ጋሼ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሰውየውንና ሥራቸውን በአንድ ወር ልንሸኝ ነው? ሞቼ ነው ቆሜ!

"ይሠራል፣ እኔ አለሁ" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አልሠራም። "ገጹ አልተገኘም" ይላል። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ።

እራት ላይ ባለቤቴ፣ "ይሄ ሰርቭሌት እያልሽ የምትነጫነጪበት ምንድነው?" አለኝ።

"ዘበኛ በለው። በር ላይ ቆሞ የመጣውን ጥያቄ ይቀበላል። የትኛው አድራሻ የትኛው ዘበኛ ጋ እንደሚሄድ በማዋቀሪያው ፋይል ይጻፋል።"

"እና ዘበኛው ተኝቷል?"

"አዲሱ ዘበኛ እንግዳውን ወደ ጋሼ ዘበኛ ሲያሳልፍ፣ ከአድራሻው ላይ 'ጥሪ' የምትለውን የመጀመሪያ ቃል ቆርጦ ያስቀራል። የጋሼው ደግሞ ያለ እሷ በር አይከፍትም።"

"ታዲያ ቃሏን መልሱለታ!"

አናጢ ነው እኮ። እንጨት ሲልግ የሚውል ሰው በአንድ እራት የገባው ነገር እኔን ቀኑን ሙሉ አዞረኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ቃሏን በማዋቀሪያው ፋይል መለስኳት። ጠዋት በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሠራ! ጠረጴዛውን ደበደብኩት።

በምሳ ሰዓት የእኔና የጋሼ ሥራ ተገናኝቶ የጋራው ሰርቨር ላይ ሲወጣ ግን... "ገጹ አልተገኘም"። ያረምኩት ነው ያበላሸው ብዬ መስመሯን አጠፋኋት።

ጋሼን ልጠይቃቸው? ምን ብዬ? "ሥራዎ አስቸገረኝ" ልበል፣ ሊሄዱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው? የእሳቸው የፕሮግራሙ ክፍል የሚደርሰኝ በታሸገ ጥቅል ፋይል ነው። ከፍቼ አይቼው አላውቅም። የአባትን ኪስ መፈተሽ መሰለኝ። እሳቸውም ሻይ አምጥተውልኝ ትንሽ አጠገቤ ቆሙ፣ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር መሰለኝ... ተዉት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

በምሳ ሰዓት አሁንም "አልተገኘም"። ብጨምርም ብቀንስም ያው! ነገ ምን ይዤ ነው የምቆመው?

ከሰዓት በር ላይ ከጋሼ ጋር ተገጣጠምን።

"እለፊ ልጄ።"

"ኧረ እርስዎ ይለፉ።"

"እለፊ እኮ ነው የምልሽ!"

"በፍጹም፣ ጋሼ።"

ሁለታችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ከዚያ ሁለታችንም እኩል ወደ ፊት... ትከሻ ለትከሻ ተላተምን። ወረቀታቸው ተበተነ። ላነሳ ጎንበስ ስል የእጅ ጽሑፋቸውን አየሁ። "ረቡዕ፦ 'ጥሪ'ን ጨመርኩ። እኔ ጋ ይሠራል፣ በጋራው አይሠራም። ሐሙስ፦ አጠፋኋት። አይሠራም። ዓርብ፦ እንደገና ልጨምር?"

"ጋሼ... እርስዎም ጨምረዋታል?"

"አንቺም?!"

ለካ ረቡዕ ሁለታችንም ጨምረን አድራሻው "ጥሪ ጥሪ" ሆኗል። ዛሬ ሁለታችንም አጥፍተናት ያለ ቃሏ ቀርቷል። እኔ በማዋቀሪያው፣ እሳቸው በጥቅላቸው ውስጥ። ነገ ደግሞ ሁለታችንም ልንጨምር ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ይሠራል ብለሽ ቃል ገብተሻል። በእኔ አሮጌ ነገር እንዳታፍሪ ብዬ፣ ሳትሰሚ ላስተካክለው ነበር።"

"እኔ ደግሞ ቅር እንዳይልዎ ብዬ..."

ወለሉ ላይ እንደተቀመጥን ሳቅን። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ አየችን፣ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ከዚያ ጋሼ፣ "ጥቅሉን ክፈቺው። የእኔ ይቅር፣ ቃሏ በአንቺ በኩል ትግባ። እኔ ሂያጅ ነኝ፣ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ" አሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከሳቁ ነው አልኳቸው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሠራ! አለቃችን "ይቀጥላል" ስትል ጋሼ ውሃ ልጠጣ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ሸኘናቸው። ሹራባቸውን ወንበሬ ላይ ትተውታል። ረስተው ይሆን? እሳቸው ምንም ነገር አይረሱም። እወድዎታለሁ ልላቸው ፈልጌ "በሉ ደህና ይሁኑ" ብዬ ቀረሁ። አሁንስ አፌ ምነው አልቀደመኝ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ጠዋት ከማዋለጃ ክፍል ተደወለ። አንዲት እናት ብዙ ደም ፈስሷታል፣ ኦ ኔጋቲቭ ደግሞ አልቋል። ጥሪውን ላክሁ። "ተልኳል" አለኝ... ጎበዝ!

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኮሪደሩ ላይ እጅጌውን የጠቀለለ ሰው መጣ። ጋሼ! እያለከለኩ። ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ "ጠራኝ እኮ፣ የገዛ ፕሮግራሜ!" አሉ። ለካ በለጋሾቹ ዝርዝር የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ያኔ ፕሮግራሙን የሞከሩት ራሳቸውን መዝግበው ነው። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ለጋሾች ደረሱ።

የደም መስጫው ክፍል በር ላይ እንደ ልማዳቸው ገለል አሉ።

"እለፊ ልጄ።"

"አይሆንም። የተጠሩት እርስዎ ነዎት።"

ሳቁና ቀድመውኝ ገቡ።

ከሰዓት ወሬው መጣ፦ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እኔ ግን የማልረሳው እጃቸውን ዘርግተው ሲተኙ የሆነውን ነው። አጠገባቸው ቆሜ፣ ሳላስበው፣ "ጋሼ፣ እወድዎታለሁ" አልኳቸው።

"ቀስ በይ" አሉ፣ በግራ እጃቸው እጄን ይዘው። "መርፌ ላይ ነኝ።"