ያላሸነፍኩት አንደኝነት

ሰቆጣ፣ ጥር 19 ቀን

ለምወድሽና ሁሌም ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? አባባ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብሽ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነው የምውለው። ማሽላው ተወቅቶ ገባ ወይስ እስካሁን አውድማ ላይ ነው? አጎቴ ደርሶልሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ካልደረሰም ንገሪኝ፣ እሱን እኔ አገኘዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ንዴት በሽታ ከሆነ ግን አልጋ ይዣለሁ።

ስልክሽ ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ ዝግ ነው። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ ብታዪ! ጎረቤት ብደውል፣ ደህና ናት፣ ስልኩን አልከፍትም ብላ ነው አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ወረቀት አነሳሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርሽው ለእንዲህ ያለ ቀን ነውና ድምፅሽን ሳታሰሚ በዓይንሽ ብቻ አንብቢው። ለአጎቴ ደግሞ እንዳትሰጪው፤ እሱ ደብዳቤ ሲያነብ አገር ነው የሚሰማው።

ነገሩ ይኸውልሽ። አንደኛ ወጥቻለሁ። በትምህርት እንዳይመስልሽ፤ በሜዳ ቴኒስ ነው፣ አንቺ የወንፊቱ ጨዋታ በምትይው። የኮሌጃችን የሴቶች ቡድን ስድስት ልጆች ነን። ከጥቅምት ጀምሮ እርስ በርሳችን እየተጋጠምን ነጥብ እንይዛለን፣ ጥር ላይ ደረጃችን ይለጠፋል፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ኮሌጁን ወክለው ከሌላ ከተማ ልጆች ጋር ይጫወታሉ። ባለፈው ዓርብ ተለጠፈ፣ ማኅተም ተመትቶበት። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የኔ ስም! እንኳን ደስ አለሽ ያላለኝ የለም፤ የካፌዋ ልጅ ሳትቀር ሻይ በነጻ ሰጠችኝ። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ታች ባወርድ፣ ባወርድ፣ ከሁሉም ግርጌ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጦይባ ያሲን።

ጦይባ ስድስተኛ! ኧረ ጉድ ነው እናቴ! እኔ ጦይባን ዘጠኝ ጊዜ ገጥሜያት ያሸነፍኳት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱንም ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት እያነከሰች ነው። አምና የደሴዋ ግራኝ እዚህ መጥታ ሁላችንንም ስታሯሩጠን ውላ፣ በላብ ያጠመቀቻት ጦይባ ብቻ ናት። ሰላማዊት የምትባል አለች፣ ኳስ ከመረቡ አሻግራ ከመታች እልል የምንልላት፤ እሷን እንኳ ከጦይባ በላይ አምስተኛ አድርገዋታል። ሰላማዊት ራሷ አፍራ ሰሌዳው ፊት ልትቆም አልቻለችም።

ደሜ ፈላ። አሰልጣኛችን ደግሰው ዘንድ በሩጫ ሄድኩና፣ ይህን ያወጣኸው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው በእጅህ ጻፈበት አልኩት። እንዲህ ብዬ ለታላቄ ተናግሬ አላውቅም፤ እዚያ ብትኖሪ በጥፊ ትዪኝ ነበር። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ ደንብ ነው አለኝ። ጦይባ በታኅሣሥ ሦስት ጨዋታ ቀርታለች፣ የቀረ ሰው እንደ ተሸነፈ ነው የሚቆጠረው፣ ፎርፌ ይባላል። በዚያ ላይ ዋሽታለች ተብላ ሌላ ነጥብ ተቀንሶባታል፣ የማስጠንቀቂያ ወረቀትም ፋይሏ ውስጥ ገብቷል። ምን ብላ ዋሸች? አልኩት። ሐዘን ቤት ነበርኩ ብላ ነው አለኝ።

ታኅሣሥ 15፣ 16፣ 17። አየሽ ቀኖቹን? አባባን በቀበርን በማግስቱ፣ በሠልስቱና ከዚያ በኋላ ባለው ቀን። እኔም በነዚያ ቀኖች ሦስት ጨዋታ ነበረኝ፤ የኔ ሐዘንተኛ ናት ተብሎ ተራዘመልኝ፣ የሷ ተሸነፈች ተብሎ ተጻፈ። ከኔ ጋር በአንድ መኪና ተጭና፣ ከኔ ጋር መሬት ላይ ተኝታ!

ጦይባ እዚያ ምን ስታደርግ እንደ ሰነበተች ለማንም መንገር ይቻላል፣ ላንቺ ግን መንገር አያስፈልግም። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ከቅጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ የሁላችንንም ጫማ ስትጠብቅ ነበር። የእድሩን አግዳሚ ወንበር ከወንዶቹ እኩል ተሸክማለች። ነቢያት ጾም ስለነበር ከኛው ትሪ አብራን በላች፣ ለብቻዋ ማሰናዳት እንኳ አላስፈለገም። ሌሊት ሌሊት ባንቺ ጎን ነው የተኛችው። እጇን ይዘሽ፣ የነጋዴ ልጅ እጇ እንዲህ የሻከረው መጥረቢያ ትይዛለች እንዴ ብለሽ ጠይቀሻት፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል እኔም አንቺም ፈገግ ያልነው ያኔ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን ማን ካደ? እሱን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት።

ደንቡ ሐዘንተኛ ያጀበች ተማሪ ሦስት ቀን ይፈቀድላታል ይላል፣ ከሐዘኑ ቤት ከተረጋገጠ። ጥሩ ደንብ ነው፣ አልጠላሁትም። እኔን ቢጠይቁኝ በመሐላ አረጋግጥ ነበር፤ ተማሪ ለተማሪ ምስክር አይሆንም አሉ። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ አቶ እንግዳው የሚባል ሰው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ነው፣ ሰቆጣን ከረገጠ ገና ሦስት ወሩ። ይሄ ሰውዬ ጦይባን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ ከፍቶ፣ ሐዘን ቤት ደወለ። ይህን የነገረችኝ ጸሐፊዋ የትናየት ናት፣ እዚያው ተቀምጣ ስትሰማ ነበር።

አንዲት ሴት አነሳች። ሰውዬው እንዴት ዋላችሁ የለ፣ ነፍስ ይማር የለ፣ እግዜር ያጽናችሁ የለ! አባወራ ከሞተ ሳምንት ባልሞላው ቤት ደውሎ፣ ጦይባ ያሲን የምትባል ልጅ በነዚህ ቀኖች እናንተ ዘንድ ነበረች ወይ ብሎ ጀመረ። ሴትዮዋ፣ አንተ የማን ወገን ነህ? አለችው። ከቢሮ ነኝ አላት። ከየትኛው ቢሮ እንኳ አላለም፣ ከቢሮ! እሷም እንዲህ ያለች ልጅ አላየንም፣ ደጃችንንም አልረገጠች፣ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ አልተከፈተም።

ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች አልጽፍም። እኔም አልወቅሳትም፣ እውነቴን ነው። በዚያ በክፉው ዓመት ሰዎች ደጅ ለደጅ እየዞሩ ስም እየጠሩ ሲጠይቁ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም፣ ወልጄም አላውቅ ብላ ወንድሜን ያተረፈችው በዚያችው ቃል ነው። እሱ ዛሬ ባሕር ዳር መኪና እየጠገነ በሕይወት ያለው እሷ ዓይኗን ሳታሽ ስለካደችው ነው። ሰላምታ የሌለው ሰው ስም ጠርቶ ሲጠይቅ አላየሁም ማለትን እኛ ሁላችንም ከዚያ ነው የተማርነው። ልጅቷን ያዳነቻት መስሏት እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ምን መስሏት ትላለች?

ግን እናቴ፣ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ጦይባ ያንን ድምፅ ለይታዋለች። ሦስት ሌሊት አጠገቧ ተኝታ የሰማችውን ድምፅ እንዴት ትስተዋለች! አቶ እንግዳው ስልኩን አስቀምጦ፣ እህ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ? ሲላት፣ አንገቷን ደፍታ የምለው የለኝም አለች። ፈርማ ወጣች። እኔ ወር ሙሉ አብሬያት ስበላ፣ ስማር፣ ስጫወት፣ አንዲት ነገር አልነገረችኝም። ዓርብ ዕለት የትናየት ስትነግረኝ ሄጄ ጮህኩባት። አፍ የለሽም ወይ? ፈርታ ነው፣ እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ማለት ያቅትሻል ወይ? አልኳት። ምን ብትመልስልኝ ጥሩ ነው፤ ባሏን የቀበረች ሴት ገና እንባዋ ሳይደርቅ ቢሮ መሃል ውሸታም ልበላት እንዴ? አለችኝ። ከዚያ በአባቴ አፈር አስማለችኝ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ብትሰማ ትጎዳለች ብላ።

መሐላውን ይኸው አፈረስኩ። የንስሐ አባቴ የሚሉኝን ይበሉኝ።

ማግስቱን ቅዳሜ ሜዳ ብወርድ መስመሩ በነጭ ኖራ ተሰምሮ አገኘሁት። ሜዳችን ቀይ አፈር ነው፣ በየሳምንቱ ካልተሰመረ አይታይም፣ ሥራውም የጦይባ ነው። ከልምምድ ተወግዳ እንኳ ጎሕ ሲቀድ መጥታ አስምራልን ሄዳለች። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ደግሰው ዘንድ ተመለስኩና ስሜን ከዝርዝሩ አውጣ፣ አልጫወትም አልኩት። ብትወጪ አምስተኛዋ ትገባለች እንጂ ስድስተኛዋ አትገባም አለኝ። ይሄ ሰው ልብ ያለው ሰው ነው፣ ግን አለቃ ፊት ሲደርስ ልሳኑ ይዘጋል። በግድ እጁን ጎትቼ አቶ እንግዳው ቢሮ ይዤው ገባሁ። ኃላፊው ምን አለ? ከዚያው ቤት፣ ከዚያው ስልክ የተለየ ነገር ካልሰማሁ አንዲት ፊደል አልነካም፣ ስም ዝርዝሩም ሐሙስ ጥር 22 ስድስት ሰዓት ላይ ይላካል።

ጨዋታው የካቲት 1 ይጀምራል። መጀመሪያ የላሊበላ ልጆች እዚሁ ይመጣሉ፤ እነሱን እኔም አንደኛ ሆኜ ብቆም አላሳፍርም ይሆናል። የካቲት 15 ወልድያ እንወርዳለን። የካቲት 29 ደሴ ነው፣ ያቺ ግራኝ ዓመቱን ሙሉ ጦይባን ስትጠብቅ የኖረች ናት፤ አምና ስትሄድ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጂ ብላ አቅፋት ነው የተለየቻት። እዚያ ቆሜ ጦይባ የት አለች ስትለኝ ምን ልበላት? ዋሽታ ተባረረች ልበላት? ጦይባ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ሌላ ዓመት የላትም። ከዚህ ስትወጣ ደግሞ ሥራ ብትጠይቅ ያ ውሸታም የሚለው ወረቀት ይከተላታል። አባቷ ያሲን ገበያው መሃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቃሉ የታመነ ሰው፣ ልጁ በኛ ምክንያት ውሸታም ትባል? እኛስ ምን ፊት አለን በሱቁ ደጅ የምናልፈው?

ባል የሞተባት ሴት እስከ አርባው ከቤት አትወጣም፣ አውቃለሁ፣ ውጪልኝ አልልሽም። ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ሥራ ነው። የሰውዬውን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ሰላም ባይልሽ እንኳ አንቺ ሰላም በዪው፣ ምናልባት ይማር ይሆናል። ፈራሁ ማለት ነውር አይደለም፤ እኔም ቢሆን በዚህ አገር ቢሮ ነኝ የሚል ድምፅ ስሰማ ስልኩን ለመዝጋት እቸኩላለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለአባባ አርባ የሚሆን ስኳርና ዘይት የጦይባ እናት እትዬ ዓሲያ ልካለች። ልምምድ ስለሌላት እኔ ላድርስላት ብላ ነገ ማለዳ በአይሱዙ የምትሳፈረው ልጇ ናት። የማስይዛት ደብዳቤ ስለ አርባው ድግስ ነው ብያታለሁ፣ ምን እንደተጻፈበት አታውቅም። ይህን ስታነቢ ፊት ለፊትሽ የቆመችው እሷ ናት። እሷ ፊት ደውዪ አልልሽም፤ ጓሮ ዞረሽም ቢሆን ደውዪ። ፊትሽ ከተለዋወጠባት ግን ትነቃለች፣ ብልህ ናት፣ ስለዚህ ቶሎ ቀና በዪ።

እኔ ሐሙስ ማታ እደርሳለሁ። የአባባን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ አንቺንም ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልኝ፣ አሜን። በይ አሁን ወረቀቱን እጠፊውና፣ ደክሟታል፣ መንገዱን ታውቂው የለ፣ ግቢ ልጄ በያት።

ልጅሽ