የአቶ ገነነ ድምፅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቡሬ ብራ ነው። ዱቄት ፋብሪካችን ውስጥ ግን ነጎድጓድ። አለቃችን አቶ ገነነ በጠዋቱ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ዘነቡ። ዝናቡ ተሸካሚው ያረጋል ላይ ወረደ።

«አህያ እንኳ ካንተ ይሻላል!»

ያረጋል ትከሻውን አራግፎ በጆሮዬ «አህያዋ እረፍት አላት?» አለኝ። ሳቅሁ... አፌን በጆንያ ሸፍኜ።

እኔ ዱቄት ሞልቼ እመዝናለሁ፣ ሀብትነሽ የጆንያውን አፍ ትሰፋለች፣ ያረጋል ይሸከማል። ምሳ ላይ ደግሞ የአለቃችንን አረማመድና ድምፅ እያስመሰልሁ አስቃቸዋለሁ። ይህ በቅጥር ውሌ ላይ የለም።

ሀብትነሽ ከወሊድ ከተመለሰች ገና ነው። እኩለ ቀን ላይ እህቷ ልጁን በር ድረስ ታመጣላታለች። ዘበኛው ወንበሩን ይለቅላታል፣ ታጠባለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የአንድ ጆንያ ስፌት ጠመመ። አቶ ገነነ ክሩን በጠሱት። ዱቄቱን የሀብትነሽ እግር ሥር ዘረገፉት።

«ወልዳ የመጣች ሁሉ እጇ ይደነዝዛል እንዴ? ጥረጊ! ከብት!»

ሁላችንም አየን። ከዚያ ሁላችንም ወደየጆንያችን አቀረቀርን። ጠረገች።

ምሳ ላይ «እስቲ አስመስልልን» አሉኝ። አልመጣልኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ልጁ በር ላይ አለቀሰ፣ አለቀሰ... ጡቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይጮኻል። ሀብትነሽን ጠየቅኋት።

«ወተቱ አልወርድ አለኝ፣ አንዷለም። ቤት ስሆን ይሻለኛል። እዚህ የሳቸውን ድምፅ ስሰማ ደረቴን ጭብጥ ያደርገኛል፣ ይቆማል።»

ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ነርሷ «አትደንግጪ፣ አትጨነቂ» ብላታለች። መልካም መድኃኒት። የሚሸጥበትን ቤት ግን አልነገረቻትም።

እኔንም ሰኞ ሲቃረብ ሆዴን ይቆርጠኛል። የበላሁት ነገር ይመስለኝ ነበር። ያረጋልም እንደዚያው ነው አሉ... አንድ ወጥ አልበላን!

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አቤቱታ ለማን ይባላል? ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው። ስልክ ሲያነሳ «ገነነ ሥራ ያውቃል» ይላል፣ ይዘጋል። ያረጋል መላ አመጣ። አቶ ገነነ የሚፈሯቸው አንድ ሰው አሉ፤ የንስሐ አባታቸው አባ ቴዎፍሎስ።

ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም ሄድን። መስቀል ተሳለምን፣ ያለውን ሁሉ ነገርናቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣

«ለራሱ ነግራችሁታል?»

«ኧረ አባ! ማን ደፍሮ?»

«እንግዲያ ይህ ሐሜት ነው፣ ልጆቼ። እመጣለሁ። ግን ከናንተ አንዱ በፊቴ ይንገረው።»

ያረጋል አየኝ። ሀብትነሽም አየችኝ። ምላሰኛው እኔ ነኛ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አባ መጡ። አቶ ገነነ ሮጠው ጉልበት ሳሙ። ማሽኑ ቆመ።

«ገነነ፣ ልጆቹ የሚነግሩህ ነገር አለ።»

ወደ ፊት ወጣሁ። አፌን ከፈትሁ... ምንም። ያ ሁሉ የምሳ ሰዓት ምላስ እንጨት ሆነ።

«እ... ሚዛኑ ትንሽ ያጋድላል» አልሁ።

ሚዛኑ!

ሀብትነሽ ከኋላዬ ወጣች። ድምፅዋ ቀጭን።

«እርስዎ ሲጮኹ ወተቴ ይቆማል። ልጄ ከሳ።»

አቶ ገነነ ፊታቸው ቀላ። «አባ፣ ክፋት የለኝም እኮ። ድምፄን ወፍራም አድርጎ ፈጥሮኝ ነው እንጂ።»

«ቅዳሴ ላይ ግን ሰምቼው አላውቅም» አሉ አባ።

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አቶ ገነነ በለሆሳስ ያወራሉ። «እባክሽ» ይላሉ፣ «ወንድሜ» ይላሉ። እኛ ግን ከኋላ ሲመጡ ትከሻችን ብድግ ይላል። ጩኸቱ መቆሙን ትከሻ ገና አልሰማም።

የሀብትነሽ ወተት አልተመለሰም። ልጁ ጡጦ ለመደ። ወደ በሩ መምጣቱም ቀረ... እኩለ ቀን ላይ ከኛ ጋር ትበላለች። ዓይኗ በር በሩን ያያል። አቶ ገነነ የቆርቆሮ ወተት ገዝተው መስፊያዋ አጠገብ አኖሩ። አልነካችውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ወንፊቱ ጋ አዲስ ልጅ ገብታለች፣ እፀገነት የምትባል። ዛሬ ዱቄት ደፋች። አቶ ገነነ እስካሁን አፍነው ያቆዩት ሁሉ ወጣ።

«አንቺ ደንቆሮ! ዓይን የለሽም?»

«አቶ ገነነ፣ አይጩኹባት።»

ማነው ያለው? ዞር ብዬ አየሁ... እኔ ነኝ። አባ የሉም።

ተያየን። ቁና ቁና ተነፈሱ። ከዚያ «ጥረጊውና ቀጥዪ» አሏት ቀስ ብለው፣ ሄዱ። ያረጋል በዱቄታም እጁ ጀርባዬን መታኝ። ልጅቷ መጥረጊያውን እንደያዘች ታየኛለች።

ሀብትነሽ ቀና አላለችም፤ ትሰፋለች። ምሳ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ብትላቸው ኖሮ፣ አንዷለም... ዱቄቱን እግሬ ሥር ሲያፈሱት።»

ቁጣ አልነበረባትም። ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። እንደዚያ ቀን አቀረቀርሁ።