ሰማንያ አንዱን የልጄን ቀኖች ይዘው ለሚሄዱት ለኦክላንድ ክሬንስ ባለቤት

ለክቡር የኦክላንድ ክሬንስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በሰላምና በጥላ ሥር እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ሦስተኛው ደርብ ላይ የምንቀመጠው ደጋፊዎችዎ፣ ከፀሐዩና የተሰነጠቀው ወንበር ካመጣብን የወገብ ሕመም በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡድንዎ ግን ደህና አይደለም፤ ትናንትም ተሸንፏል።

ስሜ ህዝቅያስ ይባላል። በኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የምጎትት የከባድ መኪና ሹፌር ስሆን፣ ቡድንዎን መደገፍ ከጀመርኩ ዘንድሮ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ከእግር ኳስ አገር የመጣሁ ሰው በመሆኔ፣ ጎልማሶች ለሦስት ሰዓት ቆመው አንዲት ትንሽ ኳስ የሚጠባበቁበት ጨዋታ መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ሆኖም የወደብ ሹፌር ከመንዳት ይልቅ ተሰልፎ መጠበቅን የሚያውቅ ፍጡር ስለሆነ፣ ሁለተኛው ወር ሳይሞላ ጨዋታው ገባኝ፤ ሦስተኛው ላይ ባሰብኝ። ትልልቅ ቢሮዎች ቅሬታን በተራ በተራ ካልሆነ አያነቡም ስለተባልኩ፣ የእኔንም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። በዚህ ዓመት እስካሁን ከተጫወትናቸው መቶ አምሳ ስምንት ጨዋታዎች መቶ አራቱን እንድንሸነፍ ስላስቻሉን እጅግ አመሰግናለሁ። ኳስ መወርወር የሚችለውን ብቸኛ ልጅ ሐምሌ ላይ ሸጠው፣ በምትኩ ስሙን አስተዋዋቂው እንኳ መጥራት ያቃተውን ሰው ስላመጡልንም እንዲሁ። ትዕግሥትን በስብከት ያልተማርን ሰዎች በእርስዎ እጅ ተምረናል።

ሁለተኛ። በግንቦት ወር የላኩልን ኢሜይል ደርሶኛል። የደረሰኝ ወደብ በር ላይ ሰልፍ ውስጥ ሳለሁ ነው። "ውድ የክሬንስ ቤተሰብ" ብሎ ይጀምርና፣ አራተኛው መስመር ላይ ቡድኑ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንደሚዛወር ይገልጻል፤ የመጨረሻው መስመር ደግሞ ለመሰናበቻ ኮፍያ ቅናሽ ያደርጋል። ቤተሰብ ብለው ስለጠሩን ክብር ተሰምቶኛል። ከኋላዬ ያሉት ሹፌሮች ጡሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ ደጋግሜ ሳነበው ቆየሁ።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና የልጄ እናት ናዝሬት ስንፋታ፣ እንደ ወጋችን ከጠበቃ በፊት ሽማግሌ ይግባበት ተባለና ጋሼ ገብረ ሥላሴ፣ አቶ ሳህሌና እትዬ እጅጋየሁ ሳን ሆዜ ባለው የናዝሬት ቤት ተሰበሰቡ። ልጃችን ምሥጢር ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር፣ አባቷ በወር ሁለት ቅዳሜ ይውሰዳት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ በዓመት ሃያ አራት ቀን ይሆናል። እኔ ግን በዚያ ቀን የቡድንዎ የጨዋታ ፕሮግራም በኮት ኪሴ ውስጥ ነበረ። ክሬንስ በዓመት ሰማንያ አንድ ጊዜ ኦክላንድ ላይ እንደሚጫወት እኔ አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹ አያውቁም፤ ሆስፒታል ስትሠራ ውላ የምትመለሰው ናዝሬትም አታውቅም። ስለዚህ ፊቴን አሳዝኜ፣ ቅዳሜዎቹ ይቅሩብኝ፣ እኔና ልጄ ኳስ ስለምንወድ ቡድናችን ኦክላንድ ላይ በሚጫወትበት ቀን ብቻ ልውሰዳት አልኩ። "ብቻ" የምትለዋን ቃል እንዴት አድርጌ እንዳለሳለስኳት ቢሰሙ ኖሮ ቢሮዎ ውስጥ ይቀጥሩኝ ነበር።

እትዬ እጅጋየሁ ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል ብለው ነበር። አልሰማኋቸውም። ጋሼ ገብረ ሥላሴ፣ ኳስ መቼም ቢበዛ በሳምንት አንዴ ነው በሚል የዋህነት በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ ተፈራረምን፤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ፍርድ ቤት ጸደቀ። በማግስቱ ፕሮግራሙን ለናዝሬት ስልክላት ደወለችልኝና "ሰማንያ አንድ?" ብላ ዘጋችው። እኔም ያን ዕለት አሸነፍኩ ብዬ በደስታ ፎከርኩ።

እውነቱን ለመናገር ከሰማንያ አንዱ ቀን ግማሹን እንኳ አልተጠቀምኩበትም፤ ወደቡ ያዘገየኛል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ልጅቷም ትምህርት አለባት። የደረስንባቸው ቀኖች ግን በሕይወቴ ጥሩ ሆነው ያለፉ ቀኖች ናቸው። ምሥጢር እርሳስ ይዛ የእያንዳንዱን ተጫዋች ውጤት ወረቀቷ ላይ ትሞላለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ተግባብተን ዘጠኙን ዙር እንጨርሳለን። ዳኛው ሲያጠፋ ግን ከወንበሯ ተነሥታ "ዐይን የለህም እንዴ!" ብላ በጠራ አማርኛ ትጮኽበታለች። ከፊታችን የሚቀመጡት የሪችመንዱ የነዳጅ ማጣሪያ ጡረተኛ ቃሉን ለምደውት አሁን ከእሷ ቀድመው ነው የሚጮኹት። ከልጄ አፍ አማርኛ የምሰማበት ሌላ ቦታ የለኝም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ውላችን የሚለው ቡድኑ ኦክላንድ ላይ በሚጫወትበት ቀን ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ያ ቀን ስንት እንደሚሆን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሃያ አራት ቀን እንቢ ብዬ ሰማንያ አንድ ወሰድኩ፤ እርስዎ ደግሞ በአንድ ኢሜይል ባዶ እጄን አስቀሩኝ። አራት ጨዋታ ቀርቶናል። ከዚያ በኋላ ልጄን ውሰድ የሚለኝ ወረቀት የለም።

አራተኛ። በዚህኛው ክስ ላይ ከእርስዎ ጋር ብዙ ልንከራከር እንችላለን፤ ቢሆንም ሌላ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ለእርስዎ አቀርበዋለሁ። ቡድኑ በማይጫወትባቸው የብርድ ወራት ናዝሬት ውሉ ሳያስገድዳት ልጄን በየሁለት ሳምንቱ ትልክልኝ ነበር። አንድም ቀን አላመሰገንኳትም፤ የሚገባኝ መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ በሰኔ፣ ታናሽ እኅቷ አይናዲስ ሳን ሆዜ ላይ ስታገባ፣ ሠርጉ እኛ ሜዳችን ላይ ከምንጫወትበት ቅዳሜ ጋር ገጠመ። ናዝሬት ደውላ "ህዝቄ፣ ይቺን አንድ ቅዳሜ በሌላ ቀን ስዋፕ እናድርግ፣ ፕሊዝ፤ ምሥጢር እኮ ሚዜ ናት፣ ቀሚሷም ተሰፍቷል" አለችኝ። እኔም በረጋ ድምፅ ውል ውል ነው አልኳት።

ሄጄም ወሰድኳት። ልጄ ለሠርጉ የተሠራ ጸጉሯን በክሬንስ ኮፍያ ሸፍና፣ ወረቀቷን ሳትዘረጋ፣ እርሳሷን ሳታወጣ ዘጠኝ ዙር ሙሉ ተቀመጠች። ዳኛው ሁለት ጊዜ ዐይኑ እያየ አጠፋ፤ አልጮኸችም። ጡረተኛው ዞር ብለው አዩኝ። አሥራ አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ክቡር ሆይ፣ ሌላውን ሁሉ ተሸነፉ፤ ያን ዕለት እንኳ ማሸነፍ ያቅታችሁ ነበር? ቢያንስ አንድ ኳስ ከአጥሩ ውጭ ቢወጣ ኖሮ ብድግ ትል ይሆን ነበር፣ እኔም ለዚህ ነው ያመጣሁሽ እላት ነበር። ሲያልቅ ወደ ሳን ሆዜ መለስኳት።

ግራ ሲገባኝ፣ ባለፈው ወር ናዝሬት ጋ ደውዬ፣ ቡድኑ ሊሄድ ነውና ውሉን እናሻሽለው አልኳት። መልሷ አጭር ነበር፦ "ውል ውል ነው፣ ያልከው አንተ ነህ።"

አምስተኛ። ቤተሰብ ብለውን የለ፤ በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ሊለያይ ሲል ሽማግሌ ይላካል። ናዝሬት ዘንድ ሂዱልኝ ለማለት ስላፈርኩ ሦስቱንም ሽማግሌዎች ለምኜ ባለፈው ማክሰኞ ፕሌዘንተን ወደሚገኘው ቢሮዎ ላክኋቸው። እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቀረሁ። ጋሼ ገብረ ሥላሴና አቶ ሳህሌ ሱፍ ለብሰው፣ እትዬ እጅጋየሁ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። የመጡበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ድረስ ሽማግሌ ቁጭ አይልም፤ ወጉ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ እንዲቀመጡ ደግማ ደጋግማ "ፕሊዝ ሃቭ ኤ ሲት" ስትላቸው እነሱ ደግሞ ደጋግመው እጅ እየነሡ ቆሙ። ቀጠሮ አላችሁ ወይ ስትላቸው እትዬ እጅጋየሁ "የመጣነው ለዕርቅ ነው" አሉ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆሙ። እትዬ እጅጋየሁ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውም ቀዶ ጥገና የተደረገለት ነው።

በመጨረሻ የጥበቃ ሠራተኛ ተጠራ። መጥቶ ሲያያቸው ያገራችን ልጅ ማቲ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ ወዲያው ገብቶት ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ በፈጠራችሁ፣ ሥራዬን እንዳታሳጡኝ፤ ሰውዬው እኮ እዚህ ቢሮ መጥቶ አያውቅም" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ለእርስዎ ሳይሆን ለልጁ አዝነው ወጡ። ማቲ መኪናው ድረስ ደግፎ ስላመጣቸው፣ ከቢሮዎ ያገኘሁት መልካም ነገር እሱ ብቻ ነውና፣ እባክዎ ደመወዝ ይጨምሩለት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጋሼ ገብረ ሥላሴ "ልጄ፣ የተሳሳተ ቤት ነው የላክኸን" አሉ። እትዬ እጅጋየሁ ደግሞ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ሳን ሆዜ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ቁጭ ብለን ነበር አሉ። መንገዱን እያየሁ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እነሱ ያሉት ገብቶኛል፤ ቢሆንም ሰው ሲጨንቀው የማይከፈት በር እየመረጠ ያንኳኳልና፣ አንድ ጊዜ ልለምንዎ። ሰማንያ አንዱን ጨዋታ አልጠይቅም። አርባውን ይተዉልን። አርባው ከበዛ ሃያ አራቱን፤ በመጀመሪያ የተሰጠኝም እሱ ነበር። ጌታዬ አይቆጡኝና፣ አሥር ቢሆንስ? አብርሃም ስለ ሰዶም ሲለማመን አሥር ላይ ቆሟል፤ እኔ ግን ከእሱ የባሰ ጭንቅ ላይ ስለሆንኩ ወደ አንድ እወርዳለሁ። በዓመት አንድ ቀን፣ በዝናብም ቢሆን፣ በሁለተኛ ቡድንም ቢሆን፣ ባዶ ሜዳ ላይም ቢሆን ኦክላንድ ላይ ይጫወቱ። አሸንፉ አላልኩም። ጡረተኛውና እኔ የምንጮኸውን እንጮኻለን፤ ልጅቷ ብቻ በዚያ ቀን አጠገቤ ትቀመጥ።

ላደረጉልን ነገር ሁሉ፣ ለተሰነጠቀው ወንበር፣ ለመቶ አራቱ ሽንፈትና ለመሰናበቻው ኮፍያ ቅናሽ ጭምር፣ ምስጋናዬን ከትልቅ አክብሮት ጋር እያቀረብኩ፣ በሄዱበት ከተማ ሁሉ እንደ እኛ ያለ ታጋሽ ሕዝብ እንዲያጋጥምዎ፣ የሚቀመጡበትም ወንበር እንደ ሦስተኛው ደርብ እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ ለዘለቄታው ባይሆንም እስከ መጨረሻው ጨዋታ፣ እስከ ሴፕቴምበር ሃያ ስምንት ድረስ ቤተሰብዎ ሆኜ የምቆየው፣

ታማኝ ደጋፊዎ
ህዝቅያስ
ኦክላንድ

ግልባጭ፦
ለአቶ ገብረ ሥላሴ፣ ለአቶ ሳህሌና ለወይዘሮ እጅጋየሁ፣ ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ ይህ ለእርስዎ የጻፍኩት አሥራ አንደኛ ደብዳቤ ነው፤ አሥሩ መልስ አላገኙም፣ ይህኛውም እንደማያገኝ ስለማውቅ መልሱን በማዘጋጀት እንዳይደክሙ። ትናንት ለናዝሬት አንድ ልጻፍ ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ ስሟን ጻፍኩና ከዚያ በላይ መሄድ አቃተኝ። ብዕሩን ሳላስቀምጥ ወረቀቱን ቀይሬ ለእርስዎ ጻፍኩ። እርስዎ ምንጊዜም እንደማይመልሱልኝ እርግጠኛ ነኝ። እሷ ግን ትመልስልኛለች ብዬ ፈራሁ።